ምላሽ የማይሰጥ

ዊንዶውስ ትዕግሥቱ አጭር ነው። አንድ ፕሮግራም ለ5 ሰከንድ ያህል ዝም ካለው፣ «ምላሽ እየሰጠ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ስሙ አጠገብ ለጥፎ በአደባባይ ያሳጣዋል። ደግነቱ ይህ ደንብ ለነቀምቴ መሥሪያ ቤቶች አይሠራም፤ ቢሠራ ኖሮ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጽሑፉ ያልተለጠፈበት ግንባር ባልተገኘ ነበር።

ሌሊት ከዲጋ ተነሥተው የመጡ አዛውንት ወረፋ ደርሷቸው መስኮቱ ጋ ሲጠጉ የሚሰሙት «አባባ፣ ሲስተም የለም» ነው። ስክሪኑ ደርቋል። ዴቪድ ብራድሌይ የተባለ የአይቢኤም መሐንዲስ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊትን አንድ ላይ የመጫንን መላ ካመጣ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በዚያው መንገድ ገብቶ የደረቀውን ፕሮግራም ብቻ መርጦ መዝጋት ይቻላል። ግን ሦስት ቁልፍ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንደኛው እጅ ደግሞ ስልክ ይዟል። ስልኩ፣ ተመስገን፣ አይደርቅም።

ለነገሩ ወለጋ መድረቅን ከኮምፒውተር አልተማረም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ኢንተርኔት ተዘግቶበት ከርሟል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነበር፤ ቁልፉን የተጫነው ሰው ነው ጣቱን ማንሣት የረሳው።