ሊፍቱ እንዲጠገንልን በትህትና ስለመጠየቅ

በዘመቻ ሰሎሞን፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ ለሰው ቦታ እንዲገኝ የአውሮፕላን ወንበር ሳይቀር ተነቅሎ ነበር። ጓዝ መያዝማ ማን አስቦት። ከዚያ ሁሉ የተተወ ንብረት መካከል ሹልክ ብሎ የገባ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ክብደት ስለሌለው ማንም አልመዘነውም። እሱም «በትህትና» ነው።

ይህ ዕቃ ዛሬ በእስራኤሏ ሀደራ ከተማ ውስጥ ያለ አግባብ እየተጣለ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ለማያውቁ ወጣቶች ትክክለኛውን አጠቃቀም አስቀድሜ ላስረዳ። «በትህትና» እንደ ሙሽራ ነው፤ ያለ አጃቢ ከቤት አይወጣም። ከፊቱ «ለተከበሩ»፣ «ባሉበት»፣ «ጉዳዩ» እና «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይሰለፋሉ፤ ከኋላው «እጠይቃለሁ» ይከተላል፤ «ከሰላምታ ጋር» በሩን ይዘጋል። ልብ በሉ፤ «ለመግለጽ እንደተሞከረው» ነው የሚባለው። ገለጽኩ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር አለቃ ነው፤ አመልካች ይሞክራል እንጂ አይገልጽም።

ይህን ጥበብ በሀገር ቤት ጠብቀው ያቆዩልን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ናቸው። ባለጉዳዩ «ጎረቤቴ ድንበሬን ገፋኝ» ብሎ በሦስት ቃል የነገራቸውን በሁለት ገጽ አድርገው ይመልሱለታል። ሲነበብለት ባለጉዳዩ እንባው ይመጣል። ይህን ያህል መበደሉን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላወቀማ።

ሀደራ ላይ ጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ አላየሁም። ጉዳቱን በአንድ ጉዳይ ላሳይ። ጊቫት ኦልጋ ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ቆመ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ አባት፣ ሀገር ቤት ወገራ ሳሉ ስንቱን ባላንጣ ያስታረቁ ሽማግሌ፣ ለቫዓድ ባይቱ ማለትም ለሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ማመልከቻ ጻፉ። ሊቀመንበሩ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ጠዋት ጠዋት በቁምጣ ቆሻሻ ሊጥል የሚወርድ ሰው ነው። ማመልከቻው ግን ቁምጣውን አላየም። «ለተከበሩ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ባሉበት» ብሎ ተነሳ። የፈጣሪን ቸርነት አመሰገነ፤ የሊቀመንበሩን ጤንነትና የቤተሰባቸውን ደኅንነት ጠየቀ፤ አመልካች እስራኤል የገቡበትን ዓመት፣ የጉልበታቸውን ሁኔታና የደረጃውን ብዛት በየተራ ዘረዘረ። ሊፍት የሚለው ቃል ብቅ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እሱም «ምናልባት ከሥራ ብዛት የተነሳ ሳይታይ የቀረው» ተብሎ፣ ሊቀመንበሩ እንዳይከፋቸው።

የልጅ ልጃቸው ወደ ዕብራይስጥ እንድትመልሰው ታዘዘች። አየችው፣ ገለበጠችው፣ «ሳባ፣ ዜ አሮኽ» አለች፤ አያቴ፣ ይህ ረጅም ነው ማለቷ ነው። ስልኳን አውጥታ በሕንፃው የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ሦስት ቃል ጻፈች፦ «ሀማዓሊት ሎ ኦቬደት»። ሊፍቱ አይሠራም። ሰላምታ የለ፣ ርዕስ የለ፣ ፊርማ የለ። ሊቀመንበሩም ቃል ሳያወጣ አውራ ጣት ላከ። በማግስቱ ሊፍቱ ተሠራ።

ሽማግሌው በማመልከቻቸው ኃይል እንደተሠራ ያምናሉ፤ እኔም ከእሳቸው ጎን ቆሜያለሁ። ወረቀቱ ከጠረጴዛቸው አልተነሳም ብለው የሚከራከሩ አሉ። በትህትና የተጻፈ ወረቀት ግን የመድረስ ግዴታ የለበትም። የሚጠበቅበት መጻፍ ብቻ ነው።

የሀደራ ሰው ንግግር እንዲህ ያጠረበትን ምክንያት ብዙ አሰላስዬ አንድ መላ ምት ላይ ደርሻለሁ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1891 ስትቆረቆር ረግረግ ነበረች። ከመጀመሪያዎቹ 540 ነዋሪዎች 210ሩን ወባ ፈጅታቸዋለች። ረግረጉን የሚያደርቅ ባህር ዛፍ እስኪተከል ድረስ፣ በንዳድ የሚንቀጠቀጥ ሰው «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ የሚጨርስበት ፋታ አልነበረውም። «ውሃ!» ይላል፣ በቃ። ረግረጉ ደረቀ፤ ንግግሩ እንዳጠረ ቀረ። ዛሬም በየክሊኒኩ «ራክ ሽኤላ» ማለትም «ጥያቄ ብቻ ነው» ብሎ ተራ ጥሶ የሚገባውን ሰው ስታዩ አትቆጡ፤ አያቱ ወባ ታምሞ ሊሆን ይችላል። የእኛ ሰው በበኩሉ ተራ ቁጥሩን ይዞ «ይቅደሙ» ይላል። አሁንም «ይቅደሙ» ይላል። ክሊኒኩ ይዘጋል። ይዘጋ እንጂ፣ ማንንም አላስቀየመም።

እንግሊዞችም የዚህ ዓይነት ቃል አለን ይላሉ፤ «ካይንድሊ» ይሉታል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ እሱ ከድርጅት ቢሮ የማይወጣ ኢሜይል ስንት ነው! ቃሉ ግን ጉድለት አለበት፤ ደግነቱን የሚጠይቀው ከተቀባዩ ነው። ተቀባዩ ደግ ሆኖ ካልተገኘ ቃሉ ይቆጣል፤ እንግሊዝ ሰውን ከቤቱ ሲያስወጣም «ካይንድሊ ውጣ» ማለት ይችላል። የእኛው ከተቀባዩ አንዳች አይፈልግም። ዝቅ የሚለው ጠያቂው ራሱ ነው፤ ወጪው በሙሉ በእሱ ነው። ለመንግሥት ከዚህ የረከሰ ቃል ስላልተፈጠረ የገንዘብ ሚኒስቴር ሊደግፈኝ ይገባል።

ተቃዋሚዎቼ እ.ኤ.አ. 1996ን ያነሱብኛል። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይደፋ እንደነበር በዚያ ዓመት ጥር ወር በጋዜጣ ሲወጣ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ። መፈክር ላይ «ባሉበት» አይጻፍም። ድንጋይ ተወረወረ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ በመጨረሻም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽን መቋቋሙን አልክድም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረውን መግባባት ማን ይመልስልናል? ለጋሹ እጅጌውን ጠቅልሎ በትህትና ይሰጥ ነበር፤ የሚደፋውም ድምፁን ሳያሰማ በትህትና ይደፋ ነበር። ሁለቱም ወገን ሥርዓቱን ጠብቆ ዓመታት አልፈዋል። ሰላሙን ያደፈረሰው ጩኸቱ ነው።

ትህትና ሳይደፈርስ ሲቀር ምን እንደሚገኝ ማየት የሚፈልግ ጎንደርን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 የእስራኤል መንግሥት ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ወደ እስራኤል ለመግባት የሚጠባበቁትን ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ለማስገባት ወሰነ። አምስቱ ዓመት አለፈ፤ ጥበቃው ግን አላለቀም። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ ሆነው አመልክተዋል፤ በድጋሚ አመልክተዋል፤ የማመልከቻውን ግልባጭ አያይዘው አመልክተዋል። ጠያቂው በትህትና ጠየቀ፤ ተጠያቂው በትህትና «እየታየ ነው» አለ። ማን ማንን ሰደበ? በጽሑፍ ልውውጥ ታሪክ እንዲህ ያለ ጨዋነት መዝገብ ተገልጦ አይገኝም።

ስለዚህ ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ባላችሁበት፦

1ኛ/ ሀደራ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ራፖር ጸሐፊ እንዲመደብልን፤ ጥላውን እኛ እናመጣለን፤

2ኛ/ «ራክ ሽኤላ» የሚል ማንኛውም ሰው ከጥያቄው በፊት አንድ ገጽ ሰላምታ እንዲያቀርብ፤

3ኛ/ አምቡላንስ ለመጥራት 101 የሚደውል ሰው፣ ልቡ ልትቆም የደረሰች ቢሆንም፣ የስልክ ተቀባዩን የቤተሰብ ደኅንነት ሳይጠይቅ አድራሻውን እንዳይሰጥ፤

4ኛ/ ጎንደር የቀሩት፣ ምናልባት ከሥራ ብዛት የተነሳ ሳይታዩ የቀሩት፣ እናቶቻቸው በሕይወት ሳሉ እንዲገቡ፤

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው በትህትና እጠይቃለሁ።

መልስ ካልደረሰኝ በድጋሚ፣ በታላቅ ትህትና እጽፋለሁ። ለዚያም መልስ ከታጣ ጉዳዩን እዚሁ ሀደራ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን አስተላልፋለሁ። እነሱ «ባላችሁበት» ብለው አይጽፉም፤ እስካላችሁበት ድረስ ይመጣሉ።

ከሰላምታ ጋር።