ግማሹ ወረቀት የት ገባ?

አቦ፣ ዘመኑ ጎዶሎ እየሰጠ ሙሉ ሒሳብ የሚቀበል ሆነ! ዳቦው ከሳ፣ ዝናቡ ቀረ፣ አሁን ደግሞ ሥዕልም ተራው ደርሶት ግማሹን መጣ። የልጄ ልጅ ቻይና ሄዶ ምህንድስና ተምሮ ይመለሳል ስንል ብሩሽ ታቅፎ ቀያችን ዋሂል ገባ። «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ፣ በቻይና ቀለም ልሳልዎት» አለኝ። ተቀመጥኩ። ምድር ባቡር በጡረታ ያሰናበተው ሰው ከመቀመጥ ሌላ ምን ሥራ አለው?

መጀመሪያ ውሃ ጠየቀ። አንድ ሳህን ለብሩሽ ማጠቢያ፣ አንድ ለቀለም ማቅጠኛ፣ አንድ ደግሞ «ምናልባት ካስፈለገ»። ዋሂል ላይ! ሰው ጀሪካን ይዞ በሚንከራተትበት አገር! ለካ በዚህ ሥዕል ግማሹን ሥራ የሚሠራው ውሃ ነው፤ ጥቁሩ ሲወፍር ፀጉር፣ ሲቀጥን ጥላ፣ ይበልጥ ሲቀጥን ጭጋግ ይሆናል። ጥቁሩ ራሱ ጥላሸት በሙጫ ተለውሶ የደረቀ ነው፤ ድንጋይ ላይ በውሃ ያሹታል። ጥላሸቱንማ የኛም የብራና ጸሐፊዎች ያውቁታል። ለጥላሸት ባሕር መሻገር ምን አመጣው?

ወረቀቱም አመለኛ ነው። ሹዋን ይሉታል፤ ጠብታ ባረፈበት ቅጽበት ይጠጣል፣ ያሰራጫል፣ የሳተ እጅ አይምርም። ስለዚህ ልጁ ሲያፈጥብኝ ቆየና በአንድ ትንፋሽ ጨረሰኝ። የፊቴን ጭምድድ በቀጭን መስመር አንድ በአንድ ለቀመው፤ አንዷን እንኳ አልማረልኝም። ሽርጤን ግን በሁለት የብሩሽ ጥፊ አለፈው! እግሬስ? «እግርዎ ይታሰባል» አለኝ። በታሰበ እግር ማን ገበያ ደረሰ?

የዚህ ሁሉ ጦስ ሊያንግ ካይ የሚባል የጥንት ሠዓሊ ነው። ባለቅኔውን ሊ ባይን ሲስል ካባውን በጥቂት መስመር ከወረቀቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ የሚቆምበት መሬት እንኳ ሳይሰጠው ሄደ። ኋላ ሹ ቤይሆንግ እ.ኤ.አ. በ1919 ፓሪስ ወርዶ የአጥንትና የጡንቻ ልክ ተማረና በቀለሙ ላይ ጨመረበት። ተመስገን ስል፣ በ1940 ተራራ ሊንድ የተነሳውን ሽማግሌ ተረት ሲስል ቆፋሪዎቹን ራቁታቸውን አቆማቸው! ያኛው ልብሱን ይንቃል፣ ይኼኛው ጭራሽ ያወልቃል። ጂያንግ ዣኦሄ ብቻ እጁ አልሰሰተም፤ በ1943 «ስደተኞች» ብሎ ከመቶ በላይ ሰው በሰው ቁመት ልክ ሳለ። ቤይጂንግ በጃፓኖች እጅ ነበረችና ትርኢቱ በተከፈተበት ቀን ተዘጋ። እሱም ቢሆን ከሰዎቹ ኋላ አብዛኛውን ባዶ ትቶታል። ለምን ብል፣ «ቤት የላቸውማ፣ አባባ» አለኝ። ለዚህ መልስ አጣሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ምክንያቱም ዋናው በደል ገና ነው፤ በጎን ሳለኝ! በአንድ ዓይን! በቤተ ክርስቲያናችን የጥንት ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑን አፍጦ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን የሚሳለው ሰይጣንና ከሓዲ ነው። ስንት ዘመን ቁልቢ የተሳለምኩ ሰው ከጭፍሮቹ ተመደብኩ ማለት ነው። ጎረቤቴ ሐጂ አይቶ ሳቀና፣ «ለገ ኦዳ ዋሻ ያሉት ከብቶች ቀንዳቸው እንጂ ፊታቸው የት ይታያል? ሰዎቹስ ጭረት አይደሉ?» አለ። እውነቱን ነው፤ የጥንት እረኛ እዚሁ ደጃችን ቀንዱን አግዝፎ ሌላውን ለተመልካች ትቶታል። ነገር ግን ያ ሰው ድንጋዩን በገንዘብ አልገዛም! ይኼ ልጅ ከቻይና ድረስ ተሸክሞ ላመጣው ወረቀት ከፍሎ፣ ከላይ እስከ ታች ሜዳውን ሜዳ ትቶ፣ እኔን ከጥግ ለጠፈኝ።

«ባዶው ባዶ አይደለም፤ ሰማይ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ የሚያየው ሰው ይሞላዋል» ይላል። እንግዲያው ሥራውን ለእኔ አካፍሎኛል ማለት ነው። ሞላሁለት፦ በስተቀኝ ማሽላ፣ በስተግራ ጫት፣ ከላይ ዝናብ የያዘ ደመና፣ ከታች ሁለቱም እግሬ። ይህን ሁሉ በነፃ ስሠራ ውዬ፣ እሱ ከጥግ ቀይ ማኅተሙን ብቻውን ደቅኖ «የእኔ ሥራ» አለ! እኛ ለአንዲት ማኅተም ስንት ቢሮ ስንመላለስ ኖረናል፤ እሱ በኪሱ ይዟት ይዞራል። ያን ቀይ ቀለም ያቀብለኝና አውራ ጣቴን ከማኅተሙ ጎን ላሳርፍ። ሥዕሉ ከተሸጠም ግማሹ ሒሳብ የእኔ ነው፤ የውሃው ለብቻው ይታሰባል።