ዝሆኖቹና የጎረቤት ቀፎ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በአንድ የአሸዋ ወንዝ ዳር የዝሆኖች መንደር ነበረ። ከወንዙ ማዶ ባለው ሾላ ላይ ደግሞ ንቦች ይኖሩ ነበር። እነዚያ ንቦች አውራቸው ከጠፋ ወዲህ እርስ በርስ ሲናደፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

ኋላ ከንቦቹ አንዱ ወገን በረታና ቀፎውን ያዘ፤ "ወንዙንም እንሻገራለን" ብሎ ዛተ። የተገፉት እየበረሩ ወደ ዝሆኖቹ መጡ፤ "ድረሱልን!" አሉ።

መንደሩ ተሰበሰበ። ጎበዞቹ "ሳይመጡብን እንሂድባቸው" አሉ። አንዲት አሮጊት ዝሆን ግን ተነሥታ፣ "መግቢያውን አውቀነዋል፤ መውጫውስ? በመጨረሻ የምንታረቀውስ ከማን ጋር ነው?" ስትል ጠየቀች። መልስ የሰጣት የለም።

ጎበዞቹ ተሻገሩ። ፊት የቀደመው ቀፎውን በኩምቢው መታው። ቀፎው ወድቆ ተሰነጠቀ፤ ማሩም ከአቧራ ጋር ተለወሰ። በግማሽ ቀን ሾላው ጭር አለ።

ዳሩ ግን ቀፎ ሲሰበር ንብ አያልቅም፤ ይበተናል። በማግስቱ ማለዳ አንዲት ንብ ከቅጠል ሥር ወጥታ የአንዱን ጎበዝ የዐይን ቆብ ነደፈች። በሳልስቱ ዐሥር ሆኑ፣ ከዚያም መቶ። ኩምቢውን ባነሣ ቁጥር የሚመታው ነፋስ ብቻ ሆነ። በጠቡ ያልነበሩት ንቦች እንኳ ማራቸው መሬት ሲፈስ አይተው ከተናዳፊዎቹ ጋር አበሩ።

በመንደሩ ደግሞ በጋው ጠና። አሸዋውን ምሰው ውኃ የሚያወጡት እነዚያው ጎበዞች ነበሩ። ግልገሎቹ በትንንሽ ኩምቢያቸው አሸዋውን ቢጭሩ ቢጭሩ፣ እርጥበት አጡ።

ሁለት ክረምት አልፎ ጎበዞቹ ዐይናቸው አብጦ ተመለሱ። ያልተመለሱም ነበሩ፤ እናቶቻቸው ዛሬም ወንዙን ያያሉ። ወዲያው ከማዶ ወሬ ደረሰ፦ ለንቦቹ አዲስ አውራ ተሾመ፤ እሱም ያን ጊዜ ጎበዞቹ ካባረሯቸው አንዱ ነው።

ሰሙ ይህ ነው። ወርቁ የእኛው ነው። በግንቦት 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾን ያዘ፤ ከመሪዎቹም በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ያወጁ ነበሩ። ባይደዋ ላይ የተወሰነው የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ድረሱልኝ አለ። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጦራችን በቀናት ውስጥ ሞቃዲሾ ገባ። ኅብረቱ ተበተነ፤ የወጣቶች ክንፉ አልሸባብ ግን በረታ። ጦሩ ጥር 2001 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ወር የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት የኅብረቱ መሪ የነበሩት ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ ናቸው። ጥር 2006 ዓ.ም. ወታደሮቻችን በሶማሊያ የነበረውን የአፍሪካ ኅብረት ጦር ተቀላቀሉ።

ዛቻው እውነት ነበር፤ የጎረቤት ጩኸትም ይሰማል። ወንዙን የተሻገረውን ወታደርም አልወቅስም። የምወቅሰው የአሮጊቷን ጥያቄ ሳይመልስ ልጅ የሚልክ ጉባኤን ነው። በመጨረሻ አብረነው የምንቀመጠውን ሰው፣ እናቶች ሳያለቅሱ በፊት ሽማግሌ ልከን እንፈልገው።

ንቦቹ እንደገና ሲተምሙ ጎበዞቹ ዳግም ብድግ አሉ ይባላል። አሮጊቷ ግን መሻገሪያው ላይ ቆማ ወደ ግልገሎቹ አመለከተች፦ "አስቀድማችሁ ጉድጓዱን ማሱ። ወደ ማዶ እኔ እሄዳለሁ፤ ለመነጋገር።"