ማህተሙን አንሱልን

«የነዳጅ ከበርቴ የልጅ ልጅ በእናንተ እግር ይነግዳል» ብዬ በቆጂ ሻይ ቤት ውስጥ ብናገር ሳቁብኝ። «እዚህ ባለዘይት ማለት ከሸማቾች ሦስት ሊትር ያገኘ ነው» አለኝ አንድ ባለጋሪ።

ስማ እንጂ አልኩት። አያትየው ጄ. ፖል ጌቲ በዘመኑ ከዓለም አንደኛ ሀብታም የተባለ የነዳጅ ጌታ ነው። እንግሊዝ አገር በነበረው ግቢው ለእንግዶቹ ሳንቲም የሚበላ ስልክ አስተክሎ ነበር።

«እኛ ጋ እንግዳ በረካ ሳይጠጣ አይነሳም፤ እሱ ቤት 'ሃሎ'ም በሳንቲም ነው?»

በ1973 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) የልጅ ልጁ ሮም ላይ ታግቶ ቤዛ ሲጠየቅ፣ አልከፍልም ብሎ ድርቅ አለ። የልጁ ጆሮ ተቆርጦ ሲላክ ከፊሉን ከፈለ፤ የቀረውን ለገዛ ልጁ በ4 በመቶ ወለድ አበደረው።

«በግ ተራም እንዲህ አንከራከር!»

የታጋቹ ወንድም ማርክ ጌቲ ነው ሰውዬው። ጌቲ ኦይል በ1984 ለቴክሳኮ በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ማርክ በ1995 ከጆናታን ክላይን ጋር ለንደን ላይ የፎቶ ንግድ ከፈተ፤ በ1998 ኦልስፖርት የሚባለውን የስፖርት ፎቶ ድርጅት ጠቀለለው። የአእምሮ ንብረት የ21ኛው ክፍለ ዘመን ነዳጅ ነው ባይም እሱ ነው።

«እሱስ ገብቶታል» አለ ባለጋሪው፤ «የነሱ ጉድጓድ ይደርቃል፣ በቆጂ ግን በየዓመቱ ሯጭ ትወልዳለች።»

እውነት ለመናገር እኔ ማርክን ከአያቱ እመርጠዋለሁ። እኛ አገር አንዲት ማደያ የወረሰ ጎረምሳ ጥቁር መነጽር ገዝቶ ይቀመጣል እንጂ ሌላ ሥራ ሲፈልግ አላየሁም።

ባለጋሪው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ፈለገ። 2008፣ ቤጂንግ፣ ቀነኒሳ በቀለ አፉን ከፍቶ መስመሩን ሲያልፍ። ደረቱ ላይ ግራጫ ማህተም ተጋድሟል፦ ጌቲ ኢሜጅስ።

«ይኼኛው ደግሞ ስንተኛ ወጣ?»

መልስ አጣሁ። በዚያ ኦሎምፒክ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቆች አራት ናቸው፤ ሁለቱን ቀነኒሳ፣ ሁለቱን ጥሩነሽ ዲባባ ወስደዋል፤ ሁለቱም የዚሁ የበቆጂ ልጆች።

ጋሼ ማርክ፣ ይቺን ካነበቡ ለሻይ ቤቱ ግድግዳ አንድ ፎቶ ይላኩልን። ማህተሙን አንስተው።