ልኬና መቅዘፊያዬ

«ልክህን ዕወቅ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ተግሣጽ እንጂ ምክር ሆኖ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ አባት ልጁን፣ ሹም ጭፍራውን፣ መምህር ደቀ መዝሙሩን ሲቈጣ የሚመዝዘው አለንጋ ነውና። ስለዚህ ይህንኑ ቃል፣ ጢሙን በወጉ ያላበቀለ አንድ የሲያትል ሱቅ ሻጭ፣ ያውም በፈገግታና በትሕትና ሆኖ በነገረኝ ጊዜ፣ ልቈጣ ወይስ ላመሰግን ግራ ገባኝ። እርግጥ ልጁ ያለው «ቁመትዎን ካላወቁ መቅዘፊያ መምረጥ አይችሉም» ነው፤ ለእኔ ጆሮ የደረሰው ግን ያው የጥንቱ አለንጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሜ ወገቤን መርምሮ ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ ካዘዘኝ በኋላ፣ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሩጫው ጕልበትዎን ይጐዳዋል፤ የቁም ቀዘፋ ይሻልዎታል» ብሎ፣ እንደ ፍራሽ ተጠቅልሎ በከረጢት የሚያዝ፣ በአየር ሲነፋ ግን እንደ ሳንቃ የሚጠነክር ዕቃ ከመኪናው አውጥቶ አሳየኝ። ሰው በዚህ ሳንቃ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በአንድ ረጅም መቅዘፊያ ውሃውን በግራም በቀኝም እየገፋ ይሄድበታል። እኔም በልቤ፣ በልጅነቱ መቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት የቆመ ሰው፣ ለአንድ ሰዓት በሐይቅ ላይ መቆም ምን ያቅተዋል አልሁ። ሐሳቤን ለባለቤቴ ብነግራት ግን፣ «የቤተ ክርስቲያኑ ወለል አይንቀሳቀስም» ብላ በአጭሩ ቀጨችው።

የዚህ ጨዋታ አገሩ ሃዋይ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በዋይኪኪ ዳርቻ ለእንግዶች በሞገድ መንሸራተትን የሚያስተምሩ ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ካሜራቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ በሳንቃቸው ላይ ቆመው በመቅዘፊያ እየሄዱ ደንበኞቻቸውን ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር፤ ከ1990ዎቹም መጨረሻ ጀምሮ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ የተባሉ የማዊ ደሴት የሞገድ ተንሸራታቾች ልማዱን አንሥተው ለዓለም አዳረሱት። ይህን ስሰማ፣ ከደንገል በተጠፈረ ታንኳ ጣናን ሲያቋርጡ የኖሩት የአገሬ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ቀዛፊው ቀርከሃውን በክንዱ ለክቶ ሲቈርጥ አይቻለሁ እንጂ፣ ቁመቱ ስንት እንደ ሆነ ሲጠየቅ አላየሁም።

ወደ ሱቁ ስንገባ የመቋሚያ ግምጃ ቤት የገባሁ መሰለኝ። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ዘንጎች እጀታቸው እንደ መቋሚያ ራስ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነውና፣ ታችኛው ጫፋቸው እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ባይሰፋ ኖሮ አንዱን አንሥቼ መዘመም በቃጣኝ ነበር። ሻጩ እንዳስረዳን፣ አንደኛው ዐይነት ለአንድ ሰው ተቈርጦ የሚቀር ነው፤ ሁለተኛው ግን ዘንጉ በዘንግ ውስጥ እየገባና እየወጣ ከ170 እስከ 215 ሳንቲ ሜትር ድረስ የሚያጥርና የሚረዝም ስለ ሆነ፣ ዛሬ አጎት፣ ነገ የእህት ልጅ ይቀዝፍበታል። የዚህም ማጥበቂያው ሁለት ዐይነት ነው። ባለ ቀዳዳው በዝላይ ነው የሚያድግ፤ ልክዎ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ከዋለ ዕድልዎ ነው። ባለ መቈንጠጫው በፈለጉት ላይ ይቆማል፤ ነገር ግን እጀታውና ሰፊው ጫፍ አንድ አቅጣጫ መያዛቸውን ማየት፣ መቈንጠጫውንም ከአሸዋ መጠበቅና ሳያቅማሙ ጠርቅሞ መዝጋት ያስፈልጋል። «ሳያቅማሙ» ያለውን ቃል ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

ከዚያ የክብደቱ ነገር መጣ። የአሉሚኒየሙ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የካርቦኑ 700 ግራም ያህል ነው። «ለ300 ግራም ይህን ያህል ዋጋ!» ብዬ ብቈጣ፣ ሒሳብ የሚወደው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ በደቂቃ 30 ጊዜ ቢቀዝፉ በሰዓት 1,800 ጊዜ ያነሡታል፤ ያ ትርፍ ሲደመር 540 ኪሎ ይሆናል» አለኝ። ይኸውም አምስት ኩንታል ጤፍ ከነትርፉ መሆኑ ነው። እኔ ግን የካርቦኑን ዋጋ ደግሜ ካየሁ በኋላ አምስቱን ኩንታል ለመሸከም ቈረጥሁ።

«እንግዲህ ቁመትዎ ላይ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር እንጨምራለን፤ ስንት ነዎት?» አለ ሻጩ። እኔም ያለ አንዳች ማመንታት መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ አምስት ጫማ ከአሥር ኢንች የሚለውን አሳየሁት፤ በሜትር ሲመነዘር 178 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ጨዋ ስለ ሆነ ዝም አለ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ኑዛዜ ይገባኛል፤ ያ ቍጥር መንግሥት ለክቶ ያገኘው ሳይሆን፣ ጸሓፊዋ ስትጠይቀኝ ከአፌ የወጣ ነው። ኖኅ ስንኳ 300 ክንድ ርዝመት፣ 50 ክንድ ወርድ፣ 30 ክንድ ከፍታ ያላት መርከቡን የሠራ ልኳ ተነግሮት እንጂ እንደ ምኞቱ አይደለም። ወንጌልም በማሰብ በቁመቱ ላይ አንድ ክንድ የሚጨምር ሰው እንደሌለ ያስተምራል፤ እኔ ግን በማጻፍ ስምንት ሳንቲ ሜትር ጨምሬ፣ ውዳሴ ከንቱዬን በኪሴ ይዤ ስዞር ኖሬአለሁ። በዚሁ የሐሰት መሠረት ላይ 22 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ መቅዘፊያዬ 200 ላይ ቆመ።

በቅዳሜው ዋሽንግተን ሐይቅ ወረድን። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ከ2008 ጀምሮ፣ ከመዋኛና ከሞገድ መንሸራተቻ ክልል ውጭ የሚሄደውን ይህን ሳንቃ እንደ መርከብ ስለሚቈጥረው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ሊኖር ግድ ነው፤ እኔም ጃኬቴን ለብሼ፣ ፊሽካዬን በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ በዕድሜዬ ማምሻ የመርከብ አለቃ ሆንሁ። ሹመቴ ግን ሁለት ጊዜ በራሱ ላይ ተገለበጠ። ሦስተኛ ስቆም የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ገልብጠው ነው የያዙት!» ብሎ ጮኸ። ሰፊው ጫፍ ከዘንጉ ትንሽ ዘንበል ያለ ነውና፣ እኔ እንደ ጭልፋ ጐድጓዳውን ወደ ራሴ አዙሬ ውሃውን እጨልፍ ኖሯል፤ ደንቡ ግን ዝንባሌው ወደ ፊት እንዲያይ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ጫፉ እግር አጠገብ እስኪደርስ ድረስ ቀጥ ብሎ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል እንጂ ወደ ላይ አያነሣም።

ይህን ባርምም ሥቃዬ አልቀለለም። ላይኛው እጄ በየቀዘፋው ከራሴ በላይ እየተሰቀለ ትከሻዬ እንደ እሳት ይለበልበኝ ጀመር። ምናልባት ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ከተሠቃየሁ በኋላ ግን አንድ ተአምር ሆነ፤ ክንዴ ወረደ፣ ትከሻዬ ዐረፈ፣ ሳንቃው በውሃው ላይ እንደ ዳክዬ መንሸራተት ጀመረ። ይህን ፈጣን ዕድገት በውስጤ ተኝቶ ለኖረ ተሰጥዎ ሰጥቼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ወደ ዳር ተመለስሁ።

የእህቴ ልጅ መቅዘፊያውን ተቀብሎ በዘንጉ ላይ የተጻፈውን ቍጥር አነበበ። «ጋሼ፣ በ200 አልነበረም የዘጉት? አሁን 192 ይላል።» ለካ መቈንጠጫው ጣቴን እንዳይነክሰኝ ፈርቼ አቅማምቼ ዘግቼው ኖሮ፣ እጀታውን ወደ ታች በተጫንሁት ቍጥር ዘንጉ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ልኬን ሲያገኝ እዚያው ጸንቷል። ከ192 ላይ 22 ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ማንም አልተናገረም። ባለቤቴ ብቻ ከተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ከቴርሞሷ ሻይ እየቀዳች፣ «ለሠርግህ ሱፍ ልብስ ሰፊው ሲለካህ 170 ብሎ ሲያጽፍ ሰምቻለሁ። እኔ 30 ዓመት ችዬ የኖርሁትን፣ ይህ ብረት በአንድ ሰዓት ገለጠው» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየቅዳሜው 192 ላይ ጠርቅሜ ዘግቼ እቀዝፋለሁ፤ ትከሻዬም ደኅና ነው። የመንጃ ፈቃዴ ማጥበቂያ ግን እስካሁን አልላላም።