የኮፈን ሥር ትርጓሜ፦ ስለ ላዳ ቤንዚን ፓምፕ የቀረበ ጥናት

ኮፈኗን ከፍታ የቆመች ላዳ ባለችበት ሁሉ ጉባኤ አለ። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ አንድ ከሰዓት የቆመ ሰው ይህን ማረጋገጥ ይችላል። ጉባኤው ጠሪ የለውም፤ ቃለ ጉባኤ አይያዝለትም፤ አበልም አይከፈልበትም። ሆኖም ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎበት አያውቅም። ሹፌሩ ኮፈኑን በዘንጉ ደግፎ ቀና ሳይል ሎተሪ አዟሪው ደርሷል፤ ተከትሎ ሊስትሮው፤ ተከትለው ጋዜጣ በብብታቸው የያዙ ጡረተኛ። መካኒክ ግን የለም። መካኒክ የሚጠራው ጥናቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለ ናሙናችን ጥቂት እንበል። ላዳ የተቀዳችው እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣችው የጣሊያን ፊያት 124 ነው። በቶሊያቲ ከተማ ያለው ፋብሪካ ከ1970 ጀምሮ ሲያመርታት ኖሮ፣ የመጨረሻዎቹ በ2012 ከሌላ የሩሲያ ፋብሪካ ወጡ። በዚህ ሁሉ ዘመን መብራቷ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ተለወጠ፤ የባለ ካርቡሬተሯ ቤንዚን ፓምፕ ግን ከሞተሩ ጎን፣ በሁለት ዳዶ እንደተያዘ ቀረ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሞተሩ ሲዞር አንድ አጭር ዘንግ ይገፋዋል፤ ውስጡ ያለው ስስ ዲያፍራም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቤንዚኑም 39 ሊትር ከሚይዘው ጋን ተስቦ ካርቡሬተር ይደርሳል። ዲያፍራሙ ከደረቀ ወይም ከተቀደደ፣ አለዚያም ቫልቮቹ ላይ ቆሻሻ ከተቀመጠ ነገሩ አበቃ።

ጉባኤው ግን ከዚህ አይጀምርም። የሚጀምረው በአበው ስልት፣ በአንድምታ ነው። «አልነሳ አለች» አለ፤ ባትሪዋ ደክሟል ሲል ነው። አንድም ካንዴላው ተበላሽቷል ሲል ነው። አንድም የቀዳህበት ማደያ ውሃ ቀላቅሎብሃል ሲል ነው። አንድም ሰው ዓይን አስገብቶባታል ሲል ነው። የመጨረሻውን ያመጡት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ስለሆኑ ማንም አልተከራከራቸውም። የባትሪው ወገን ግን ብርቱ ነው።

«ጋሼ፣ ባትሪው እኮ አዲስ ነው» ይላል ሹፌሩ።

«አዲስ ነው ያሉህ እነማን ናቸው?» ይላሉ ጡረተኛው።

ሞተሪኖው ያለድካም እየዞረ፣ መብራቱ እየበራ፣ ባትሪውን መክሰስ ምን ይባላል? ይህ ጸሐፊ መልሱን ያገኘ ይመስለዋል። ባትሪ ይታያል፤ ቤንዚን ሲሄድ አይታይም። ሰው ደግሞ ያየውን ይከሳል።

አስቸጋሪው የምርምሩ ክፍል ላዳዋ ጠዋት በደህና ተነስታ፣ ዳገት ላይ ጠፍታ፣ አረፍ ስትል ደግሞ የምትነሳበት ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉም ትክክል ይሆናል። ሊስትሮው የጫማ መወልወያ ጨርቁን በውሃ ነክሮ ፓምፑ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ላዳዋ ትነሳለች፤ ሊስትሮውም ለቀሪው ቀን ኢንጂነር ይባላል። በእርግጥም አልተሳሳተም። የጋለ ፓምፕ ውስጥ ቤንዚኑ ይተንና እንፋሎት ይሆናል፤ ፓምፑ ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ቤንዚን ለመትነን ይቸኩላል። እንግዲህ በእርጥብ ጨርቅ የዳነ ፓምፕ ሞቷል ተብሎ አይቀበርም። ላዳዋ ጨርቁ እስኪደርቅ ጠብቃ ዳግም የማትነሳ ከሆነ ግን ሌላ ምዕራፍ ነው።

ምዕራፉም አጭር ነው። ወደ ካርቡሬተር የሚገባውን ቱቦ ነቅሎ ጫፉን ሃይላንድ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ፓምፑ ጎን ያለችውን ትንሽ የእጅ ማንሻ ወደ ላይ ወደ ታች ማለት። ቤንዚኑ በኃይል ከተረጨ ፓምፑ ከክስ ነጻ ነው። አንዳንዴ ማንሻዋ ልል ሆና ምንም አትስብም፤ የፓምፕ ወገን የሆኑት «አላልኩም?» ብለው ይጨባበጣሉ። ገና ነው። ዘንጉ ፓምፑን ገፍቶ ይዞት ከቆመ የእጅ ማንሻዋ ሥራ አይኖራትም። ሞተሩን በሞተሪኖ ትንሽ ዞር አድርጎ ደግሞ መሞከር ነው። ያኔም ካልረጨ ጥርጣሬው በፓምፑ ላይ ይጸናል፤ ከፓምፑ ጎን ካለችው ቀዳዳ ቤንዚን ጠብ ጠብ ካለ ደግሞ ፍርዱ ተሰጠ፤ ዲያፍራሙ ተቀዷል።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መጨረሻ ላይ የሚሞከረውም ለዚህ ነው። የተረጨ ቤንዚን ክርክር አያስቀጥልም፤ ሰው ወደየሥራው ሊመለስ ነው።

ሕክምናው የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ ያልፋል። እዚያ ፓምፕ በሦስት ማዕረግ ይቀርባል፤ «ኦርጅናል»፣ «ከኦርጅናል የማይለይ» እና ሻጩ ዝም ብሎ የሚያስረክበው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ለሦስቱም እኩል ይሠራል። አገጣጠሙ ቀላል ነው፤ ሁለት ቱቦ፣ ሁለት ዳዶ፣ 13 ቁጥር ቁልፍ። አደጋው ያለው በፓምፑና በሞተሩ መካከል በምትገባው ጥቁር ማገጃ ላይ ነው። ከአሮጌው ፓምፕ ጋር ተጣብቃ ወጥታ ብዙ ጊዜ አብራ ትጣላለች። እሷ ናት የሞተሩን ግለት የምትከለክለው፤ ዘንጉ ምን ያህል ብቅ እንደሚል የምትወስነውም ከጋስኬቶቹ ጋር እሷው ናት። መጠኑ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እሷን ረስቶ አዲስ ፓምፕ ያሰረ ሰው በማግስቱ እዚያው ዳገት ላይ፣ በዚያው ጉባኤ ፊት ይቆማል፤ ጡረተኛውም «ባትሪ ነው ብዬህ ነበር» ይሉታል።

ፓምፕ ሳይቀይሩ ሃይላንዱን በቤንዚን ሞልተው ከካርቡሬተሩ ከፍ አድርገው አንጠልጥለው፣ በቱቦ እያንቆረቆሩ እስከ ቤታቸው የሚነዱ አሉ። ከግለት በላይ የተንጠለጠለ ቤንዚን ስለሆነ ይህ ጥናት አይደግፈውም።

አንድ ማሳሰቢያ ለጉባኤው አባላት በሙሉ፦ ቱቦው ሲነቀል ሲጋራ የያዘ፣ የፈለገውን ያህል የተማረ ቢሆን፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ከማዶ ይቁም። ሹፌሩም ማንንም ከመስማቱ በፊት ጋኑ ውስጥ ቤንዚን መኖሩን ይይ።