አውራ ጣትና አኮፋዳ

ከመሥሪያ ቤታችን ደጃፍ፣ ከዘበኛው ወንበር በላይ፣ የአውራ ጣታችንን አሻራ እየተቀበለች መግባትና መውጣታችንን የምትመዘግብ መሣሪያ ከተተከለች ወዲህ፣ ሌላው ሠራተኛ ጥቂት አጉረምርሞ እንደ ወትሮው ሲኖር፣ እኔ ግን ነገሯን ከልቤ ማውጣት ተስኖኝ እነሆ ብዕር አነሣሁ። ጧት በ2፡30 ሰልፉን ጠብቄ ጣቴን ስዘረጋላት አታውቀኝም፤ ዘበኛውም አዝኖልኝ «ጋሼ፣ ጠረግ ያድርጉትና ይድገሙላት» ይለኛል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያን ሁሉ ወጣት በየገጠሩ ያዘመተው፣ ሕዝቡ በአውራ ጣት መፈረሙን ትቶ ስሙን በገዛ እጁ ይጽፍ ዘንድ አልነበረምን? ታዲያ ዲግሪውን በመስታወት አስገብቶ የሰቀለ ሁሉ ጧት ጧት ተሰልፎ በጣቱ ሲፈርም ምን ይባላል?

በዚህ ሰልፍ ላይ ሳለሁ ልቡናዬ ወደ ቆሎ ተማሪው ይኮበልላል። ያ ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚዞረው ተማሪ፣ ቅኔ ቢሻ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይቀመጣል፤ ድጓ ቢያምረው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሻገራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ሲሻ ዙር አምባን፣ አቋቋም ሲሻ ጎንደርን ይሳለማል፤ የኔታ ቢቆጡት ወይም የአገሩ ቁራሽ ቢቀጥንበት፣ መልቀቂያና ክሊራንስ ሳያሻው በሌሊት አኮፋዳውን ያነሣል። (ውሻ እንደሚያሳድደው፣ ቁንጫ እንደሚፈጀው አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ለውሻው በትር ይዟል፤ ለሰው ሀብት አስተዳደር ግን በትር አልተፈቀደልንም።) ደግሞስ ቀን ብቻውን ከዱር ገብቶ ቅኔውን ሲቆጥር ማን ተከተለው? ማታ ሲነግር የኔታ የሚመረምሩት ቅኔውን ነው፤ ከዱር በስንት ሰዓት እንደ ገባ አይጠይቁትም።

በእኛ ዘንድ ግን በ2፡30 ጣቱን አሳርፎ፣ ኮቱን በወንበሩ ላይ ወኪል አድርጎ እስከ 11፡30 ቡና ቤት የሚውለው ንጹሕ ነው፤ ሌሊቱን ሪፖርት ሲጽፍ አድሮ በ2፡40 የደረሰው ግን ደመወዙ ይቆረጣል! የሥጋን መገኘት እንደ ሥራ መቁጠር ምን ዓይነት አስተዳደር ነው? ጧት እኛን ለመቁጠር ይህን ያህል የሚተጋ አለቃ፣ ማታ «ምን ሠራችሁ?» ሳይል መኪናውን አስነሥቶ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሆኖም እንደ ቆሎ ተማሪው ጥዬ እንዳልሄድ፣ ከደመወዜ እኔ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱም 11 በመቶ እያዋጣን 60 ዓመት ሲሞላኝ የሚጠብቀኝ ጡረታ አለ፤ ይህን ስሌት ባለቤቴ እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች። ስለ ነፃነት ስተርክላት ታግሣ ሰምታኝ ስታበቃ «የቤት ኪራዩንስ በእንተ ስማ ለማርያም ትከፍለዋለህ?» ትለኛለች።

ስለዚህ አሳቤ ሰሞኑን ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጥላ ዘርግተው ወደሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አዘንብሏል። ባለጉዳይ ሲመጣ ይጽፋሉ፤ ሲጠፋ ጋዜጣቸውን ያነባሉ፤ አለቃ የላቸውም። እንዲህ ያለ ደኅና ጥላ ያለው ሥፍራ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር ይጠቁመኝ፤ ብቻ በሥራ ሰዓት እንዳይደውልልኝ አደራ።